ሌላ ካለ ይጠቀስ

የጥናቱ ርዕስ፦ «በኦርኬታ ደረጃ
አሳንሰር ለመትከል የአዋጭነት ማስረጃ»።
መምህር ኡሩቲያ ቀን ቆረጠልን፦
«ሃያ ገጽ ይበቃል፣ ቁጥር አይጉደልብን፤
ስሜት አትጻፉ፣ ስሜት አይደመር፤
ለማዘጋጃ ቤት የሚገባው ዝርዝር።»

ወጣን። ቫልፓራይሶ ባሕር ዳር የቆመች፣
ቤቶቿን ገደል ላይ እንደ ልብስ ያሰጣች፤
ቀይ ቆርቆሮ፣ ቢጫ፣ ዝገት የላሰው፤
ታች መርከብ ሲጮህ ላይ ውሻ የሚመልሰው።

ብራውሊዮ ሜትሩን ዘረጋ፣ እኔ ቆጠርሁ፤
ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ወርጄ ደገምሁ፤
ሁለት መቶ አሥራ አንድ።
ሰባው የተሸረፈ፣ ሠላሳው የላላ፣
አንዱ ጭራሽ የለም፣ ሣር በቅሎበታላ፤
የእጅ መደገፊያው መዳፍ የሚያቀላ።

አማራጭ አንድ፦ አሳንሰር። ሐዲድ፣ ሞተር፣ ገመድ።
   (አፈሩ ሲፈተሽ የሚሸሽ፣ የሚናድ።)
አማራጭ ሁለት፦ በጎን የሚዞር የመኪና መንገድ።
   (አሥራ አንድ ቤት ማፍረስ የግድ።)
አማራጭ ሦስት፦ ምንም አለማድረግ። ወጪ፦ ዜሮ።
   (ይህን ብራውሊዮ ነው የጻፈው፣ እየሳቀ፤
   እኔም ሳቅሁ አብሬው፤ ሳቁ ቅዳሜ አለቀ።)

ቅዳሜ መጠይቁን ይዤ ወጣሁ ብቻዬን፤
ነፋሱ ከእጄ ላይ እየነጠቀ ወረቀቴን።
ጋዝ የሚያድለው ልጅ፣ ሲሊንደር ተሸክሞ፣
«ሲጠና ነው ያደግሁት» አለኝ፣ ለትንፋሽ ቆሞ።

መቶ አርባ ሁለተኛው ላይ ዶኛ ኤርሚንዳ፣
ዘንቢሏ ሽንኩርት፣ ጉልበቷ የተጎዳ፣
ተቀምጣ ነበር፤ ደረጃው ላይ ሳይሆን፣
ሰው በጣለው ባልዲ፣ ገልብጣ አፉን።

«አሳንሰር ቢሠራ በሳምንት ስንት ቀን ይጠቀማሉ?»
«አሳንሰር?» አለች። «ጥሩ ነው። ሌሎች ይወጣሉ።»
«እርስዎስ?»
            «እኔማ፣ ልጄ፣ በሱ ብወጣ
እዚህ ማን ያገኘኛል? ማን ወሬ ሊያመጣ?
ፓስኩዋላ በዚህ ታልፋለች ከቅዳሴ፤
ባሕሩን አያለሁ፣ ይመለሳል ነፍሴ።
ያደከመኝ እኮ ዳገቱ አይደለም፣
ማረፊያ ማጣት ነው። ባልዲው ደግሞ አይመችም።
መቀመጫ ሥሩልኝ፣ ጀርባ ያለው፣ ከእንጨት፤
ብረትማ እዚህ ሰፈር ለጨው ነው ምሳና እራት።»

ወረቀቴን አየሁ፤ «አዎ»፣ «አይ»፣ በሣጥን፤
ለሰው ትንፋሽ የሚሆን ቦታ አላበጀን።
ከግርጌ ግን፣ ቀጭን፣ አንዲት መስመር አለች፣
ለወጉ ያኖርናት፣ ባዶዋን የከረመች፦
   «ሌላ ካለ ይጠቀስ»።
ጻፍሁ። መስመሯ አለቀች፤ ኅዳጉ ላይ ወጣሁ፤
ከዚያ በጀርባው በኩል። ባልዲውንም ለካሁ፣
ሃያ ስምንት ሳንቲ፤ ጉልበቷን ግን ፈራሁ።

ማታ ብራውሊዮ፦ «አሳንሰር ተብለን ወንበር እንላለን?
ከነወንበራችን ከክፍል እንጣላለን!»
አልመለስሁለትም። ዋጋ ፈላለግን፤
ጣውላ፣ ብሎን፣ ሲሚንቶ፣ የአንድ አናጢ ቀን።
ድምሩ ከአሳንሰሩ የቀለም ዋጋ አነሰ፤
ብራውሊዮ ደግሞ ደመረው። አፍንጫውን አበሰ።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ። አማራጭ አራት፦
«በሰባኛውና በመቶ አርባ ሁለተኛው ደረጃ
ጀርባ ያለው የእንጨት መቀመጫ።
አሳንሰሩን አያስቀርም። እስኪመጣ ግን ሰው ያርፋል።»

ኡሩቲያ በቀይ «የመረጃ ምንጭ?» ብሎ ጻፈ።
«አንዲት ሴት፣ አንድ ባልዲ» አልሁት።
ሁለት ነጥብ ቀነሰብን።
ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ፣ በማኅተም፣
ጥናቱ ይጠናል አለን።

በሰኔ፣ ዝናቡ ባባራ አንድ እሑድ፣
የብራውሊዮ አጎት መጋዝ አበደረን፤
አንዱን ብቻ ሠራን፣ ትንሽ የሚወዛወዝ፣
ጀርባ ያለው፣ ከእንጨት።
ዶኛ ኤርሚንዳ መጣች። ዘንቢሏን አስቀድማ
ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት አልደረሰም፣ ተንጠለጠለ።
«ከፍ ብሏል» አለች፣ ቀስ ብላ፣
እንዳይከፋን።
ከዚያ ጎንበስ ብላ ያንኑ ባልዲ ሳበች፣
ገለበጠችና
እግሯን ጫነችበት።